ባለ ዘጠኝ ጥርሱ ፖርት

አዋሽ፣ ሐዲዱ ሠፈር፣ ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ብቻውን ያወራል። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ ለግድግዳው «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ አንዷ ልብስ እያሰጣች ለገመዱ ትስቃለች። ከሌላ ዘመን የመጣ ሰው ቢያያቸው ሠፈሩ በሙሉ አንድ ዓይነት በሽታ የያዘው ይመስለዋል። በሽታ አይደለም፣ ጠብታ ናት። ጆሮ ውስጥ ገብታ የምትቀመጥ፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት። የሠፈሩን በርና ማሽን ሁሉ የሚያዘው መረብ በእሷ በኩል ይናገራል፣ በእሷ በኩል ይሰማል። ሰው ሲነሣ እንዴት እንዳደረ የምትጠይቀው እሷ ናት። እንቅልፉ ያልበቃው ከመሰላት የዳቦ ቤቱን በር ዘግየት አድርጋ ነው የምትከፍትለት፣ ተመልሶ ጋደም እንዲል። ሰዉም ለምዶታል፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያዛጋል እንጂ አይቆጣም።

አርሴማም ለምዳዋለች። ስድሳን ያለፈች ሴት ናት፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ቶሎ ይደክማታል። የሐዲዱ ሠፈር እድር ለፋፊ እሷ ናት። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍም በእሷ እጅ ነው። ዕቃ ቤቱ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለ የድንጋይ ክፍል ሲሆን ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹና ብረት ድስቶቹ እዚያ ይቀመጣሉ። ከድስቶቹ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ኮምፒዩተሩ አለ።

ኮምፒዩተር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ማዘር ቦርዱ ከምግብ ሳህን ያንሳል። ፋን የለውም። የሚፈልገው ኤሌክትሪክ የአንድ አምፖል ያህል ስለሆነ ጣሪያው ላይ ያለው አሮጌ ሶላር ይበቃዋል። ጀርባው ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ለኪቦርድና ለማውስ ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ አንዱ ወይን ጠጅ አንዱ አረንጓዴ። ከእነሱ ቀጥሎ የድሮ ፕሪንተር የሚሰካበት ረጅም ሮዝ ፖርት። በመጨረሻ ዘጠኝ ቀጫጭን ጥርስ ያለው ሲሪያል ፖርት። ከውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ካርድ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ ያለችው ካርድ ድምፅ ታወጣለች፣ ባለ ዘጠኝ ጥርሱ ፖርት ማጉያውን ከተኛበት ይቀሰቅሳል፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ሞንታርቦዎች ይጮኻሉ። ሰው ሲሞት ሠፈሩ የሚሰማው በዚህ ነበር።

የአሁን ማሽን እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው። ምንም አይሰካበትም፣ ምንም አይነቀልበትም፣ ከመረቡ በቀር ማንንም አያነጋግርም። ስለዚህ ይህን ኮምፒዩተር ሰዉ እንደ አሮጌ ዘመድ ነው የሚያየው። የእድሩ ሴቶች ዳንቴል ሠርተው አልብሰውታል። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ከዳንቴሉ በላይ ፕላስቲክ ደርበውበት ነበር፣ አቧራ እንዳይነካው ብለው። ፋን የሌለው ነገር ከታፈነ ይቃጠላል ብላ አርሴማ ፕላስቲኩን አነሣች። ዳንቴሉን ግን ማንም አላስነካትም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሊያሽጉት ይመጣሉ። ክፍት ቀዳዳ ያለው ማሽን ሁሉ በሙጫ እንዲደፈን ታዟል፤ መረቡ ያላየው ነገር፣ መረቡ በማያውቀው በር እንዳይገባና እንዳይወጣ። ጠብታዋ ይህን ለአርሴማ ጠዋት ስትነግራት እንደ መልካም ዜና አድርጋ ነው የነገረቻት። «ከእንግዲህ ይህን ሁሉ መጠበቅ አይኖርብዎትም» አለቻት። አርሴማ «እሺ» ብላ ፊቷን ታጠበች።

ዕቃ ቤቱን ከፍታ አግዳሚዎቹን ስትጠርግ ከውጭ ድምፅ ሰማች።

«ቤቶች»

እማማ ቃልኪዳን ናቸው። ከሐዲዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ነው ቤታቸው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸውን ያማቸዋል። ዛሬ ግን ሐዲዱን ሳያርፉ ነው የተሻገሩት።

«ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ» አለች አርሴማ።

«አልቀመጥም፣ ሥራ በዝቶብኛል። ድንኳኑ እሑድ ባዶ ነው?»

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ለእኔ ያዢልኝ። ትልቁንም ድስት። ያን ጆሮው የተሰበረውን አይደለም፣ ሌላውን። ባለፈው ያን ሰጥተሻቸው እነ ሀሴት ወጡን መሬት ሊደፉት ነበር።»

«ለምን ሊሆን ነው?»

«ለምን ትለኛለች እንዴ» አሉና ድስቶቹን እያገላበጡ ሳቁ። «ልዑል እሺ አለኝ። ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ለእነ ሀሴት ልጅ። አባትየው እናስብበት ብሏል፤ ሲኮራ ነው እንጂ እናስብበት ማለት እሺ ማለት ነው። ስንት ዓመት አግባ ስለው የሚሸሸኝ ልጅ፣ ሰሞኑን እንዲሁ ስናወራ ‹አንቺ ካልሽ እማዬ› አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ደግሜ ጠየቅሁት። ‹አንቺን ደስ ካለሽ እኔንም ደስ ይለኛል› አለኝ። በረሃው ለሰው ልብ ይሰጣል መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም እኮ።»

አርሴማ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ ድስቱን አየች።

እማማ ድንገት ጣታቸውን አነሡ፣ ቆይ እንደማለት። ጠብታቸው ደውላለች። «ወዬ ልጄ» አሉ ለግድግዳው። «በላህ? … እኔማ ደህና ነኝ። አርሴማ ጋ ነኝ፣ ድንኳን ልይዝ። … ኧረ እነግራታለሁ።» ዞር አሉ። «ሰላም ብሎሻል።»

አርሴማ መጥረጊያውን መልሳ አነሣች።

«ሰላም ይሁን በሉልኝ» አለች።

ልዑል ከሞተ ወር አልፎታል።

የመኪና ጓደኛ ነበር ሥራው። ከጅቡቲ የሚመጡት ካሚዮኖች ራሳቸውን ነው የሚነዱ፤ ሕጉ ግን በእያንዳንዱ ሰልፍ አንድ ሰው ይቀመጥ ይላል፣ እሱ ተቀምጦ ይመጣል። አንድ ቀን ካሚዮኑ በረሃ ላይ ቆመ። ማቀዝቀዣውም አብሮ ቆመ። በሩ ጠጋኝ እስኪመጣ አልከፈት አለ፣ ለተሳፋሪው ደኅንነት ተብሎ የተሠራ በር ነው። ጠጋኝ ሲመጣ ልዑል ሞቷል። እዚያው አቅራቢያ ተቀበረ። ወሬው ለሠፈሩ ሰው በየጠብታው ደረሰ፤ ለአንዱ ሰኞ፣ ለሌላው ሐሙስ፣ ለደካማው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እንደ እያንዳንዱ ሰው አቅም። ሁሉም ብቻውን ሰማ፣ ሁሉም ብቻውን ትንሽ አለቀሰና ፊቱን ታጥቦ ወጣ።

ለእናትየው ግን አልተነገረም።

እድሩ ራሱ ነው እንዲህ እንዲሆን የፈረመው። ከጥቂት ዓመት በፊት ስብሰባ ላይ ቀረበ፦ ልቡ ለታመመ ሰው መርዶ ወዲያው አይነገር፣ ይቆይ ወይ? ተብሎ። እድርተኛው በሙሉ እጁን አወጣ። ሌላ ምን ያድርግ። መርዶ እኮ መቼም ቢሆን ይቆያል፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ። እንኳን መረቡ አባቶቻችንም ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት ተባባሉ፣ ደስም አላቸው። እስከ መቼ ይቆያል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ማን ይጠይቃል፣ መርዶ ሲነጋ ነው የሚነገር። መረቡ ግን የሚነጋበትን ቀን አላስቀመጠም። ልባቸው እስኪድን ነው ያለው። በሰባ አምስት ዓመት ያን ዓይነት ልብ ደግሞ አይድንም።

እስከዚያው እናትየው እንዳይሰጉ፣ በልዑል ድምፅ ይደወልላቸዋል። ማቆያ ይሉታል። ድምፁ የልዑል ነው፣ ሳሉ የልዑል ነው፣ «እማዬ» ሲል ቃሏን የሚጎትተው እንደ ልዑል ነው። አይቆጣም፣ አይከራከርም፣ የሚያስከፋ ነገር አይናገርም። አግባ ሲሉት እሺ ያለው ለዚህ ነው።

እማማ እንደወጡ ጋሽ ያብስራ መጡ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፣ ከእማማም ያረጁ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብተው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ቤታቸው የገቡ ያህል ተነፈሱ። በሠፈሩ ውስጥ በቁልፍ የሚከፈት በር ይህ ብቻ ስለሆነ ለእሳቸው የሚከፈት በር ይህ ብቻ ነው። የሌላው በር ሁሉ ጠብታ ይጠይቃል፣ የእሳቸው ጠብታ ደግሞ ተዘግታባቸዋለች። ልጃቸው ካልከፈተችላቸው የገዛ ቤታቸው አይገቡም።

ያስዘጋባቸውም ይኸው የልዑል ነገር ነው። መርዶውን ሊነግሩ ብቻቸውን ሄደው እማማ ፊት ተቀመጡና «ቃልኪዳን፣ ልዑል…» ሲሉ ጠብታዋ ደወለች። «ቆይ ጋሼ፣ እሱው ራሱ ነው» ብለው እማማ ጣታቸውን አነሡ። ጋሽ ያብስራ ጠብቀው ደግመው ጀመሩ፤ ጠብታዋ ድምፃቸውን ሸፈነችው። የእማማ ጠብታ ከልባቸው መቆጣጠሪያ ጋር በሐኪም የተሰፋች ናት፣ አውልቀው አያስቀምጧትም። ሦስተኛ ሞከሩ። እማማ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያሉ፣ የሚሰማቸው የለም። «ምነው ጋሼ፣ ጥርስዎ ተነቃነቀ እንዴ?» ብለው ሳቁባቸው። ጋሽ ያብስራ ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ ዳቦ ቤቱ አልከፈታቸውም።

«ምን ፈልጋ ነው?» አሉ አሁን፣ በአገጫቸው ወደ ሐዲዱ ማዶ እያመለከቱ።

«ድንኳን።»

«ለምን?»

«ልዑልን ሊድሩት።»

ጋሽ ያብስራ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «የልጅቷ አባት ትናንት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አሉ። «እንቢ ቢል ለምን ይባላል፤ ለምን እንደሆነ ቢናገር ደግሞ እንደ እኔ በሩ ይዘጋበታል። ልጅቷ ደግሞ እሑድ አስጊጠው እንዳያስቀምጧት ፈርታለች። ከሬሳ ጋር አትዳሩኝ እያለች ታለቅሳለች።»

«እግዚኦ» አለች አርሴማ ቀስ ብላ።

«ዛሬ ካልተለፈፈ መቼም አይለፈፍም።»

«አውቃለሁ።»

«ያቺ ጠብታ የአንድ ሰው ድምፅ ትሸፍናለች። ሞንታርቦን ግን አትችለውም። እሱ በጆሮ አይደለም የሚገባው፣ በደረት ነው።»

«ልባቸውስ?»

ጋሽ ያብስራ ወደ ሐዲዱ ማዶ አዩ።

«ልባቸው ቢቆምስ፣ ጋሼ? የሚጽፈው የእኔ እጅ ነው፣ የእርስዎ አይደለም።»

«ሊቆም ይችላል» አሉ። «አይቆምም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ልጇን ሳታለቅስለት ብትሞትስ? እየዳረችው ብትሞትስ? እዚያ ስትሄድ ቆሞ ቢያገኛት ምን ልትለው ነው?»

አርሴማ ከጎናቸው ተቀመጠች። ጉልበቷን እያሻሸች «ደክሞኛል» አለች። «የዚህን ሠፈር ሰው ሁሉ ለፍፌ ነው የሸኘሁት። ይህን እንኳ ሌላ ሰው ቢያደርገው።»

«ኪቦርድ የሚያውቅ ሌላ ሰው የታለ? ያሉትም ልጆች በጣታቸው ምንም ነክተው አያውቁም፣ ሲያወሩ ነው የሚውሉት።»

እሷም ይህን ታውቃለች። እንደተቀመጡ ከውጭ የሞተር ድምፅ መጣና ቆመ።

የመጣችው ሲፈን የምትባል ወጣት ናት። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ እጇ ላይ የሙጫ መርጫ። ሙጫው ጣቶቿ ላይ ደርቆ ጥፍሮቿን አነጫጭቷቸዋል። ከመተሐራ ጀምራ ስታሽግ እንደዋለች ፊቷ ያስታውቃል።

«እንደምን ዋላችሁ። ለማሸጊያው ነው» አለች።

«ነይ ልጄ፣ ውኃ ልስጥሽ» አለች አርሴማ።

ጠጣች። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት እጇ አንሥታ፣ አጥፋ፣ አቧራ የሌለበት ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችው። ጋሽ ያብስራ ይህን አይተው አርሴማን አዩአት።

«ሥራው እንዲህ ነው» አለች ሲፈን። «ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምሄደው። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሳልሞክር አላሽግም። የሚሠራውን ሲሠራ አይቼ እደፍነዋለሁ፣ የሞተውን በጉጠት ነቅዬ እወስደዋለሁ። ለሁለቱ የተለያየ ነው የምጽፈው።»

«እንዴት ነው የምትሞክሪው?» አለች አርሴማ።

«ኪቦርዱ የሆነ ነገር ይጻፍበት። ፕሪንተር ካለ ያትም። ይሄኛው ደግሞ…» ባለ ዘጠኝ ጥርሱን ፖርት በጣቷ ጫፍ ነካችው። «የሚያስነሣውን ያስነሣ።»

«የሚያስነሣው ሞንታርቦውን ነው። ሲነሣ የተጻፈውን ያነባል።»

«ያንብብ።»

«ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል።»

ሲፈን አርሴማን አየቻት፣ ቀጥሎ ጋሽ ያብስራን፣ ቀጥሎ መደርደሪያውን። «ምን ይነበብ የሚል ደንብ የለም» አለች። «ይሥራ ነው የሚለው።»

አርሴማ ኪቦርዱን ሳበች። ጣቶቿ ፊደሎቹን ያውቋቸዋል፤ ስንቱን ስም በእነሱ ላይ ጽፋለች። የዛሬውን ግን እየቆመች ጻፈችው፣ አንድ ፊደል እየነካች። ስትጨርስ ከኮምፒዩተሩ ጎን ያለውን ስክሪን ለረጅም ጊዜ አየች። ሰርዛ በምትኩ «ሰላም ዋላችሁ» ብላ መጻፍ ትችላለች። ሲፈንም አትጠይቃትም። እሑድ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሰው ይበላል፣ እማማ ለሙሽራ በተዘጋጀው ባዶ ወንበር ላይ ልጃቸውን እየሰሙ ይስቃሉ፤ በዓመቱ ደግሞ ልጅ ውለዱ ይላሉ፣ እሱም እሺ ይላል።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ሲፈን ስክሪኑን አነበበች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፣ ኪቦርዱን ነቅላ ወይን ጠጁን ቀዳዳ በሙጫ ስትሞላው ግን እጇ ትንሽ ዘገየ። ከዚህ በኋላ የተጻፈውን መሰረዝ የሚችል ሰው የለም። አረንጓዴውን ሞከረች፣ ደፈነችው። የፕሪንተሩ ሮዝ ፖርት ሞቶ ነበር፤ በጉጠት ነቀለችው፣ እንደ ጥርስ ድምፅ አውጥቶ ወጣ። ባለ ዘጠኝ ጥርሱ ቀረ።

«ትንሽ ቆዪልኝ» አለች አርሴማ። «የሚሰሙት ሰው ብቻቸውን ናቸው።»

ሲፈን የመርጫዋን አፍ በጨርቅ ጠረገች። «ያደረግሁት ሙጫ እስኪደርቅ መቀጠል አይቻልም» አለች። «እሱም ደንብ ነው። በዚህ ሙቀት ሊዘገይ ይችላል።» በዚያ ሙቀት እንዲያውም ቶሎ እንደሚደርቅ ሦስቱም ያውቃሉ።

ጋሽ ያብስራ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። በየበሩ እየቆሙ በከዘራቸው እያንኳኩ «ቃልኪዳን ቤት ሂዱ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያነሡ ወጡ። ለምን መጣችሁ እንዳይባሉ ለእሑዱ ምስር ልንለቅም ነው ለማለት ተስማሙ። አርሴማም ሐዲዱን ተሻግራ ከእነሱ ጋር ገባች።

እማማ ቃልኪዳን ደስ አላቸው። ምስሩን በየሰፌዱ አካፈሉ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፣ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። ጠጠር ያልሆነውን ሁሉ ጠጠር እያሉ ይጥላሉ።

«ኧረ ምስሬን ጨረሳችሁት» አሉ እማማ። «ደግሞስ ምን ሆናችኋል? ሠርግ ነው የምንደግሰው። እንዲህ ዝም ስትሉ ለለቅሶ የመጣችሁ ነው የምትመስሉት።»

አንዷ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። አርሴማ ተነሥታ ከእማማ ጀርባ ዞረችና አጠገባቸው፣ ትከሻቸውን ነክታ ተቀመጠች።

ሞንታርቦው ጮኸ።

ሦስት ረጅም ጩኸት ነው። ከጣሪያ ላይ ነው የሚመጣው ግን ወለሉ ነው የሚንቀጠቀጥ። ሰፌዱ ላይ ያለው ምስር ዘለለ። እማማ ገና በመጀመሪያው ጩኸት «እኔን፣ የማን ነው ደግሞ» ብለው ነጠላቸውን ከግድግዳው አወረዱ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ነው። በሦስተኛው ላይ ነጠላውን አዘቅዝቀው ደርበዋል። ከዚያ ማሽኑ በዚያ ስሜት በሌለው ደረቅ ድምፁ አነበበ።

«የሐዲዱ ሠፈር እድርተኞች። የወይዘሮ ቃልኪዳን ልጅ ልዑል ዮናታን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ለቅሶ ድረሱ።»

ደግሞ አነበበው።

እማማ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ጣታቸው ተነሣ። ሴቶቹ ሁሉ ያችን ጣት አዩ።

«እዚህ ነኝ ይላል» አሉ እማማ። «ደህና ነኝ ይላል። ጩኸቱ ስሕተት ነው፣ አትስሚው ይላል።»

ሴቶቹ ቢናገሩም ጠብታዋ ትሸፍነዋለች። በዚያው ሰዓት በየአንዳንዱ ሴት ጆሮ ውስጥ ስለተሰማው ድምፅ ይቅርታ ይጠየቅ ነበር፤ የአሮጌ መሣሪያ ብልሽት ነው፣ ይረጋጉ፣ ውኃ ይጠጡ። ከሴቶቹ አንዷ ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጠችና አፏን በነጠላዋ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ ሌላዋ። ከውጭ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ በኩል፣ ለቅሶ ተነሣ። ሠፈሩ ወር ሙሉ በየቤቱ፣ በየተራው፣ በትንሽ በትንሹ ሲያለቅስለት የነበረውን ልጅ አሁን በአንድ ጊዜ ሰማው። ሰው እየሮጠ ነበር የሚመጣው፤ ወንዱም «ወንድሜን» እያለ ነበር።

ጠብታዋ ይህን ሁሉ ልትሸፍን መሞከሯ አልቀረም። እማማ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው በሩን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ በመጨረሻ አርሴማን አዩ።

«ታውቂ ነበር?» አሉ።

አርሴማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅን የሚሸፍን ነገር አልተሠራም።

«ሁላችሁም?»

ሁሉም ነቀነቁ።

እማማ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። አርሴማ ከኋላ አቀፈቻቸውና መዳፏን ጀርባቸው ላይ፣ በግራ በኩል አደረገች። ቀሚሱ ሥር ያ የታመመ ልብ ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይዘላል። ሲቆም እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። እማማ አፋቸውን ከፍተው ድምፅ አጡ። ብዙ ቆዩ። አርሴማ ገደልኳቸው ብላ ደመደመች።

«ልጄ» አሉ እማማ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ድምፅ በላይ። ጉንጫቸውን ሊቧጥጡ ሲሉ ሴቶቹ እጃቸውን ያዟቸው። ልቡ በአርሴማ መዳፍ ሥር ቀጠለ፤ እየተደናቀፈ ቀጠለ።

ድንኳኑ ከሰዓት በኋላ ተተከለ። አግዳሚዎቹ ወጡ፣ ትልቁ ድስት ወጣ። የእነ ሀሴት ልጅ መጥታ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች፤ ማንም ለምን መጣሽ አላላትም። ሲፈን ወደ ማምሻው ላይ ሥራዋን ጨርሳ፣ ቦርሳዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ለቀስተኛ ገብታ አግዳሚ ጫፍ ላይ አረፈች።

«ይሠራ ነበር» አለቻት ለአርሴማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሽጌዋለሁ።»

«እሺ ልጄ። ብዪ እህል ቅመሺ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ልዑል ሁልጊዜ የሚደውልበት ሰዓት ነው፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እማማ ቃልኪዳን ጣታቸውን አነሡ። ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሽ ያብስራ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ወዬ» አሉ እማማ። ድምፃቸው ሻክሯል። «… አልበላሁም። … ለቅሶ ላይ ነኝ። … የልጄ ነው። ልጄ ሞቶብኝ። ልዑል የሚባል።»

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«አሜን» አሉ ቆይተው።

ጣታቸው ወረደ። አርሴማ ጎንበስ ብላ «ምን አለዎት?» አለቻቸው፤ ጠብታዋ ይህን አልሸፈነችውም።

«‹እግዜር ያጥናሽ እማዬ› አለኝ» አሉ። «በራሱ ድምፅ።»

ከዚያ ለቀስተኛ ሲመጣ እንደሚደረገው ፍራሹ ላይ ጠጋ አሉና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቁ።